ምሳ ውሃው ዳር

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጀማነህ፣

ከስምህ በፊት «ውድ» ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል፤ እንዲሁ ተቀበለው። ደህና መሆንህን ከሔራን ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ አልጠይቅህም። እኔም ደህና ነኝ። ዛሬም ዋይትሆል ነው የምኖረው፣ ዛሬም እዚያው ኢስተን ያለው ሆቴል ነው የምሠራው። ድሮ አልጋ አነጥፍ ነበር፣ አሁን የሚያነጥፉትን አዛለሁ። ስልክህን ብሎክ እንዳደረግኩት ነው፤ ብሎኩን የማነሳም አይመስለኝም። ይህን ደብዳቤ ልጅህ ሔራን ሐሙስ ወደ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ስትመለስ በእጇ ትሰጥሃለች። አሽጌዋለሁ። ብቻህን አንብበው።

ለሦስታችን ጽፈህ በሔራን የላክልኝን የጉብኝት ዕቅድ አየሁት። አራት ገጽ! ከቤት ሦስት ሰዓት ላይ መነሳት። ኮፍያ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። የአቦርጂናሎቹ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ርስት የሆነው ጥብቅ ደን በር ላይ መመዝገብ። ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር። አምስት ተኩል ላይ ምሳ፣ ውሃው ዳር።

እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወረወርኩት። ጀማነህ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሐይቅ በሚታይበት መንገድ ነድቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ሽርሽር ወንዝ ዳር ባዘጋጀ ቁጥር ታምሜአለሁ እያልኩ እቀራለሁ። አንተ ደግሞ ለቃልኪዳን እናት ምሳ ውሃ ዳር ታሰናዳለህ። ስትጽፈው ትንሽ እንኳ አልጎረበጠህም?

ለሔራን ያኔውኑ አልሄድም አልኳት። እሷ ግን ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ የመጣችው እኔን ለማሳመን ነው። ጠዋት ማታ ስለዚያ ቦታ ታወራኛለች። የምትሠራውን ሥራ፣ እንግዳ ይዛ የምትዞርበትን መንገድ፣ የዛፉን ስም ሳይቀር። ከሁሉ በላይ ግን የምታወራው አለቃዋ ስለሆኑት አሮጊት ነው። አንቲ ዶሪን ትላቸዋለች፤ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። የሴትየዋ ወገኖች ወደዚያ ውሃ ዝም ብለው አይጠጉም አለችኝ። መጀመሪያ ዳር ላይ ቆመው፣ እፍኝ አሸዋ ወደ ውሃው በትነው፣ ማን እንደሆኑና ከየት እንደመጡ ይናገራሉ። ሔራን ሥራ የጀመረች ቀን ይህን ስታደርግ ስለ ሟች እህቷ ስለ ቃልኪዳን ነገረቻቸው። እሳቸውም «እናትና አባትሽን አምጫቸው» አሏት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ እንኳ ለሰው ሽማግሌ ክብር አለኝ። ያስቆጣኝ አንተም እዚያ መገኘትህ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሔራን ከሥራ ልትወስደኝ መጣች። ገና ከፓርኪንጉ ሳንወጣ ጨዋታውን እንደገና አነሳችው። ሁለታችሁ አንድ ላይ ካልመጣችሁ ከእንግዲህ አንዳችሁም ቤት አልመጣም፣ ግማሽ ግማሽ ልጅ መሆን ሰልችቶኛል አለችኝ። ደሜ ፈላ። እህትሽን ከገደለ ሰው ጋር ተቀምጬ ምሳ አልበላም አልኳት።

ሞተሩን አጠፋችው። ታውቃታለህ፣ ከእኔ ጋር ስትጣላ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣

«እማ፣ ያን ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ» አለችኝ።

«የቱን ቀን?»

«አባ ደክሞኛል ሲልሽ። አንቺ ያልሽውንም ሰምቻለሁ።»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ጉንፋን ይዟት ጎረቤታችን እትዬ ሮሃ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሊጠብቋት የመጡ ቀን ነው። ተኝታለች ብዬ ነበር።

አንተ አልረሳኸውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ከመጋዘን የሌሊት ሺፍት ገብተህ ጫማህን እንኳ አላወለቅክም። ቃልኪዳን የዋና ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። «ሰርኬ፣ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኛል፤ ነገ ልውሰዳት» አልከኝ። እኔ ሥራ ረፍዶብኛል። የመኪናውን ቁልፍ መዳፍህ ላይ አስቀምጬ፣ «ለልጅ ቃል የገባ አባት ይፈጽማል፤ እንቅልፍ የትም አይሄድም» አልኩህ። ወጣሁ። አንተም ሐይቁ ዳር ወሰድካት፣ ሳሩ ላይ ጋደም አልክ፣ የሆነው ሆነ።

ቤቱ ለቅሶ ደራሽ በሞላበት ቀን ቆሜ ምን እንዳልኩ ታስታውሳለህ። «ልጄን የገደላት እሱ ነው፤ እሷ ስትሰምጥ እሱ ተኝቷል» አልኩ። ሰው ሁሉ ወዳንተ ዞረ። አንተ አየኸኝ፣ ከዚያ አንገትህን ደፋህ። አንዲት ቃል አልመለስክም። በአርባዋ ማግስት ሻንጣህን ይዘህ ወንድምህ ዘንድ ፐርዝ ሄድክ።

ሔራን ይህን ዝምታህን ደግነት ትለዋለች። እኔ አልለውም። እንዲያውም ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ያን ቀን «አንቺ ነሽ የላክሽኝ» ብትለኝ ኖሮ እንሰዳደብ ነበር፣ ሰው ይገላግለን ነበር፣ ምናልባትም አብረን እናለቅስ ነበር። አንተ ግን እውነቱን ይዘህ ሄድክ፤ እኔን ከውሸቴ ጋር ጥለኸኝ። እኔም ውሸቴን እንዳላጣው ብዬ በየዓመቱ እጠላህ ነበር። ልጃችን ደግሞ የሁለታችንንም ተሸክማ አደገች። ማን ፈቀደልህ?

እመጣለሁ። ለጥር ፈቃድ አስፈቅጃለሁ፤ ትኬቱን ሔራን ቆርጣዋለች። የምልህን ግን በደንብ አንብብ።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተህ እንዳታቅፈኝ። የማርፈው ሔራን ቤት ነው። «እንዴት ነሽ» ካልከኝ «ደህና» እልሃለሁ፤ ከዚያ በላይ እንዳታስወራኝ። ዕቅድህ ላይ ያለውን የምሳ መስመር በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ የምንበላ ከሆነ ከውሃው ርቀን፣ ተመልሰን በሩ ጋ እንበላለን።

ሌላው፣ ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ እንደምትነዳ ሔራን ነግራኛለች። ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ሥራ እንዳትገባ። ተኛ። ጠግበህ ተኛ። እንቅልፍህን ካልጨረስክ ለሔራን ንገራት፣ በሌላ ቀን እንሄዳለን። የሚያስቸኩለን ነገር የለም።

ውሃው ዘንድ ስንደርስ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ። እንደ ወጉ አሸዋውን በትኜ ስሜን፣ ያባቴን ስም፣ አገሬን እናገራለሁ። ከዚያ ያን ጠዋት ያልኩህን፣ ለለቀስተኛው ግን ያልተናገርኩትን፣ አሮጊቷም ልጄም እየሰሙ እናገራለሁ። እንዳታቋርጠኝ። እንዳታጽናናኝም።

እስከዚያው መድኃኔዓለም በጤና ያቆይህ። ይህን የምመርቅህ ታርቄህ አይደለም፤ ከእኔ በቀር ያን ጠዋት የሚያውቅ ትልቅ ሰው አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው፣ ቆመህ እንድትመሰክርብኝ።

የቃልኪዳንና የሔራን እናት፣
ሰርካዲስ