የፎርካን አቀበት በአንተ ብስክሌት

ውድ ወንድሜ ኤርሜስ፣ እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲመጣ የሚይዝህ ያ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አርጀንቲና ድረስ ተከትሎህ ሄደ? ባለቤትህ ኔሊዳ እንዴት ናት? ሩቤንና ግራሲዬላስ አደጉልህ? እማዬ ከዓይኗ ድካም በቀር ደህና ናት፤ ላሟም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፣ ጠያቂ ባይኖረኝም። በሚያዝያው ደብዳቤህ ስለ ላሟ ሁለት መስመር ጽፈህ፣ ለእኔ ግን "ዲርቼንም ሰላም በሉልኝ" ብለህ ማለፍህን አልረሳሁም። ላሟ ሰላምታህን በደስታ ተቀብላለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላወጣው ነው። ቀንቼብሃለሁ፣ ኤርሜስ። አንተ ከሄድክ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነህ፤ ቅናቴ ግን አብሮህ አልተሳፈረም፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ቀረ። እስቲ አስበው፤ የመንደሩን ፖስታ የማድለው እኔ ነኝ። በጋ ክረምት ሳልል ያን ከባድ ቦርሳ በብስክሌት ጭኜ እስከ ላይኞቹ ቤቶች የምወጣው እኔ ነኝ። ያንተን ደብዳቤ አምጥቼ ለእማዬ ስሰጣት ደብዳቤውን ትስመዋለች። እኔን ግን "ጫማሽን አራግፊ፣ ቤቱን አቆሸሽሽው" ትለኛለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ!

ያ ጋዜጣህስ? የፎርካን የብስክሌት ውድድር ሦስተኛ ጊዜ ያሸነፍክ ዓመት ፎቶህ የወጣበት። ከአንሶላዎቹ ሥር፣ ከአያታችን ሻሽ ጋር ታጥፎ ነው የኖረው። አንድ ቀን ሳላውቅ ምድጃ ልለኩስበት ስል በጥፊ አጩላኛለች። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር!

በሚያዝያው ደብዳቤህ ደግሞ ምን ብለህ እንደጻፍክ ታስታውሳለህ? "ብስክሌቴ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ከሚዝግ ለቱሊዮ የእህት ልጅ ለሎሪስ ስጡልኝ፤ ጎበዝ ይንዳው" ብለህ ነበር። ለእማዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እዚያ ስደርስ አንጀቴ እርር አለ። ጎበዝ ይንዳው! እዚህ ቤት ውስጥ በየቀኑ አቀበት የሚወጣ ሰው መኖሩ ትዝ አላለህም? እናም ዘለልኩት። ያንን መስመር ሳላነብ ወደ ሰላምታው አለፍኩ። ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያን ዕለት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ ብስክሌቱን አወረድኩት። ጎማ ቀየርኩለት፣ ዝገቱን ፈተግኩ፣ ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩት። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ ስትሰማኝ ቆየችና "ካቴናው ይንጫጫል፣ ዘይት ቀቢው" አለችኝ።

ለቅዱስ ሎሬንዞ በዓል ውድድር ልመዘገብ ቱሊዮ ቡና ቤት ስገባ ታዲያ ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ቱሊዮ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ "ዲርቼ፣ ፎርካ ጫፍ ላይ እኮ ሰው የለም፤ ፖስታውን ለፍየሎቹ ነው የምታድይው?" አለኝ። ሴት አይመዘገብም የሚል ሕግ የት እንደተጻፈ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ግድግዳውን ቢያይ የተጻፈው አንተ ፎርካን የወጣህበት ሃምሳ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ያችን ቁጥር በየዓመቱ ቀለም ያድሱላታል፣ ታውቃለህ? የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲያፈስ አራት ዓመት ዝም አሉ፤ ያንተ ቁጥር ግን አንድ ቀን ደብዝዞ አያውቅም።

የውድድሩ ቀን ከታች ፀሐይ ነበር፤ ላይ ግን ጫፉ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ሃያ ስድስት ሆነን ተነሳን። የመጀመሪያዎቹን አራት ኪሎ ሜትሮች ወንዶቹ እየተሳሳቁ ጥለውኝ ሄዱ። እኔ አልቸኮልኩም፤ ፖስታ የሚያድል ሰው መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን አይጨርስም። የአህያ ማስለቀሻው ዳገት ላይ ስደርስ ግን፣ ኤርሜስ፣ ሰደብኩህ። ይሄን ማርሽ በምን እግር ነው ስትረግጠው የነበረው? ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ወርጄ ብስክሌቱን ገደል ልጨምረው ምንም አልቀረኝም። መንገድ ዳር የቆሙት ሴቶች ናቸው ያዳኑኝ። "ፖስታ መጣ! ፖስታ! መንገድ ልቀቁ!" እያሉ ጮኹ። እፍረት ይሁን ደስታ አላውቅም፣ ብቻ እግሬ አልቆመም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጎበዙ ሎሪስህ ወርዶ በእግሩ እየሄደ አዲሱን ብስክሌቱን ይገፋል። አጠገቡ ስደርስ "ዛሬ ደብዳቤ የለህም" ብዬው አለፍኩ።

ዘጠነኛ ወጣሁ። በስልሳ ሦስት ደቂቃ። ያንተን አልደረስኩበትም፤ ስቀህ ጨርስና ቀጥል።

ከጫፉ ስደርስ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል። ለቁልቁለቱ ብርድ ደረቴን የምሸፍንበት ጋዜጣ የያዘልኝ ሰው እንደሌለ አውቄ፣ በላብ እንደረጠብኩ ልወርድ ብስክሌቱን ሳዞር "ቆይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ! ቱሊዮ ለቡና ቤቱ ወተት በሚያመጣባት መኪና፣ ከጣሳዎቹ መሃል ተቀምጣ ወጥታለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚያ ጫፍ ረግጣ አታውቅም። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ የታጠፈ ጋዜጣ በብብቷ ይዛ ቆማለች። ገልጬ ሳየው ያንተ ፎቶ ነው። "እማዬ፣ ተሳስተሻል፤ ይሄ እኮ የኤርሜስ ጋዜጣ ነው" አልኳት። እሷም "ጋዜጣ ነው፤ ደረትሽ ላይ ክተቺው፣ ንፋሱ ሳንባሽን ይመታሻል" አለችኝና ራሷ በሸሚዜ ሥር አስገብታ ጎንና ጎኑን አስተካከለችው። አንተን ስታለብስህ አይቼ ስንት ዓመት የተንጨረጨርኩበትን ያንን ነገር!

ከዚያ "ሎሪስስ?" ብላ ጠየቀች። እየገፋ እንደሚመጣ ነገርኳት። "እንኳንም ብስክሌቱን አልሰጠነው" አለች። ምን ይዋጠኝ! የቱን ብስክሌት ብዬ ልቀባጥር ስል "አባ ፕሪሞ እሁድ እሁድ ደብዳቤዎቹን ደግመው ያነቡልኛል፤ አንቺ ስታነቢ ትቸኩያለሽ" አለችኝ። ታዲያ ከሚያዝያ ጀምሮ ለምን ዝም እንዳለችኝ ስጠይቃት "ብጠይቅሽ ትዋሺኛለሽ፤ ሁለት ኃጢአት ምን ያደርግልሻል?" አለች።

እየሳቅኩም እያለቀስኩም ወረድኩ፤ ፍሬኑን እንዴት እንደያዝኩት እንጃ። ቤት ገብቼ ሸሚዜን ሳወልቅ ጋዜጣው በላብ በስብሶ ተበጣጥሷል፤ ቀለሙ ሆዴ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። አፍንጫህን በሳሙና ፈትጌ ነው ያስለቀቅኩት። እንግዲህ ፎቶህ የለም፤ እማዬም በዚህኛው በጥፊ አላጮለችኝም። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ቱሊዮ ቤት ስገባ ሃምሳ አንዷን ቁጥር አሁንም በጎን አያታለሁ። ብስክሌቱን ግን አልመልስልህም።

ኔሊዳን ሳምልኝ፤ ሩቤን ብስክሌት ከጀመረ በፔዳሉ ላይ ተረከዙን ዝቅ ያድርግ። ግራሲዬላን ደግሞ አክስትሽ ዘጠነኛ ወጣች በላት፤ ከሃያ ስድስት መሆኑን እንዳትረሳ። አባ ፕሪሞ ይባርኩሃል፣ ቱሊዮ ሰላም ብሎሃል፣ ሎሪስ ግን ምንም አላለም።

እማዬ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሁሉንም አነበብኩላት፣ ጥፊውንም፣ ቅናቱንም፤ አንዲት መስመር አልዘለልኩም። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እንደ ልማዷ ሳመችው። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ከኤርሜስ የመጣ አይደለም፣ የእኔ ነው" አልኳት። "ታዲያ ማን የኤርሜስ ነው አለሽ?" ብላ ደግማ ሳመችው።

እህትህ ዲርቼ

ፕራዴሊስ፣ ኦገስት 19 ቀን 1973