ወደ ጫንጮ ሠርግ እንድሄድ፣ ራውተሮቹም ለራሳቸው እንዲተዉ

ቀን፦ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዘርሁን ሀብተወልድ
የሦስት ማዕዘን ክሊኒኮች ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሰበታ

ጉዳዩ፦ የተከለከልኩት የዓመት ዕረፍት ፈቃድ በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በሰበታ ዋና ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስሆን፣ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ክሊኒኮች የሚያገናኘውን ኔትወርክም ደርቤ እጠብቃለሁ። ከግንቦት 15 እስከ 19 የጠየቅኩት ፈቃድ «ወ/ሮ ውባንቺ ከሄዱ ኔትወርኩም አብሯቸው ይሄዳል» ተብሎ ተመልሶልኛል። አባባሉን እንደ ምስጋና ተቀብዬዋለሁ። ሆኖም ኔትወርኩ እዚሁ እንደሚቀር በአክብሮት ላስረዳ እወዳለሁ።

1. ፈቃዱን የጠየቅኩት ለእህቴ ልጅ ለፀደንያ ሠርግ ነው። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ በዕለቱም በእናት ቦታ የሚቆምላት ሌላ ሰው የላትም። ስትመረቅ ቡራዩ መስመር ስጠግን ዋልኩና ፎቶው ላይ የለሁም። አሁን «እትዬ፣ ዘንድሮም ከቀረሽ ራውተሩን ከጎኔ አቁሜ ነው ፎቶ የምነሳው» ብላኛለች። ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

2. የመሥሪያ ቤቱ ስጋት ምክንያት እንዳለው አልክድም። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ራውተር መንገዱን በእጃችን እየጻፍን ነበር የምንሰጠው። ገፈርሳ በኩል ባሕር ዛፉ አድጎ የሬዲዮ መስመሩን ሲጋርድ፣ ራውተሩ ከተነገረው ውጪ ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይቆማል። የታካሚው ካርድ ከሰበታ ቡራዩ አይደርስም፤ ታካሚው ይጠብቃል፤ እኔም አዲስ መንገድ ልጽፍለት ሚኒባስ እሳፈራለሁ።

3. ካለፈው ወር ወዲህ ግን ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለውን አሠራር በሦስቱም ራውተሮች ላይ አስገብቻለሁ። የተማርኩት የፊት ግማሹ ከተቀደደ የሥልጠና መጽሐፍ ስለሆነ መግቢያውን እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። አሠራሩ የሚኒባስ ሾፌሮቻችንን ይመስላል። የጅማ መንገድ ሲዘጋ ከዚያ የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ያስታውቃል፤ ያየው ላላየው ያስተላልፋል፤ ሁሉም አካባቢውን ስለሚያውቅ በራሱ ይታጠፋል። ራውተሮቹም እንዲሁ የትኛው መስመር ክፍት እንደሆነ ይነጋገራሉ፤ እያንዳንዱ የሦስቱን ከተሞች ካርታ ለራሱ ይይዛል፤ አንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው ይዞራል።

4. መጀመሪያ የሰበታውና የሱሉልታው አልተግባቡም ነበር። ራውተሮች ጎረቤት የሚሆኑት በየጊዜው ሰላምታ ሲለዋወጡ ነው፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ ሌላው ዘግየት እያለ ሰላም ይል ስለነበር ተኳርፈው ሰነበቱ። የጥገና ኃላፊያችን ኦቦ ጋሮማ ነገሩን ሲሰሙ «አንዱ ‹አከም ጅርታ› ሲል ሌላው መልሱን ለነገ የሚያሳድር ከሆነ ምን ጉርብትና አለ?» አሉ። ልክ ናቸው። የሰላምታ ጊዜያቸውን አንድ አደረግኩት፤ ወዲያው ጉርብትናቸው ሙሉ መሆኑን ስክሪኑ ላይ አየሁ። ድምፄ እንደማይሰማ ያውቃሉ፤ ያን ዕለት ግን ካርድ ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች የወለደች ሴት አለች ብለው «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉኝ። አሜን አልኩ።

5. ስለዚህ የጠየቅኩት ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ በሠርጉም ዕለት ስልኬን እንድዘጋ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ። በሌለሁበት የሱሉልታው የላቦራቶሪ ባለሙያ አክመል ተወክሏል። ሥራው ራውተሮቹን አለመንካት ነው። «ለዚህስ ተወልጄለታለሁ» ብሏል።

6. ማስረጃዬን በቃል ብቻ እንዳላቀርብ፣ የሰበታን ራውተር ከቡራዩ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ኦቦ ጋሮማ ፈቅደው፣ አጠገቤም ቆመው ነቅያለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቡራዩ ካርዶች በሙሉ በሱሉልታ ዞረው እየሄዱ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ማንም አልደወለም። እርስዎም ረቡዕ ለጉብኝት ቡራዩ ሄደው «ኔትወርኩ ዛሬስ ደህና ነው» ማለትዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛውን እልልታዬን ጫንጮ ላይ እንዳሰማ እንደሚፈቅዱልኝ በመተማመን፣ ከአክብሮትና ከሙሽራዋ ሰላምታ ጋር

ውባንቺ ብዙነህ
(ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ ሰማያዊ ገመድ። ከሠርጉ ስመለስ ቦታው ስለምመልሰው እንዳይጣልብኝ።