በካርታ ስለ በለጥሽኝ

ለባለቤቴ ለዘነቡ፤

ከተለየሽኝ ስምንት ወር አለፈ። ቤቱ እንደተውሽው ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ እዚህ ደብዳቤ ላይ እንዳይገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት የነበረው ክፍት ቦታ ሕንፃ ተሠርቶበት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሳሎናችን መግባት ትታለች። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤናዳም ሳይሞት አልቀረም፤ ውኃ አበዛሁበት። ልጃችን ሂሩት በየእሑዱ ከቡልቡላ እስከ ሰሚት በሁለት ታክሲ እየመጣች ወጥ ሠርታልኝ ትሄዳለች። አንቺ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። እኔ አልከለከልኩም፤ በራሳቸው ነው።

ይህን በግልጽ የምጽፈው አንቺን ያሳነስኩሽ በሰው ፊት ስለሆነ ነው።

ኤርፖርት ጓዝ ጫኝ ሳለሁ አንድ መንገደኛ ጥሎት የሄደውን የፖከር ካርታ ጨዋታ መጽሐፍ ይዤ መጥቼ ነበር። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ስንት ክረምት ፈጀሁበት። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነውና፣ እውቀቴን የሚነካብኝ ሰው አልወድም ነበር። ጡረታ ስወጣ አንቺን አስተማርኩሽ። በገንዘብ አልጫወትም ብለሽ፣ ከታች ካለው ግሮሰሪ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ለቅመሽ፣ አጥበሽ፣ ለሁለት ከፈልሽው።

የእኔ ሕግ አንድ ነበር፤ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ጠብቅ፣ መጥፎ ከሆነ ጣል። አንቺ ግን ከሁሉ የከፋውን እጅ፣ ሁለትና ሰባት ይዘሽ ትገቢ ነበር። "ምን ይዘሽ ነው የምትጨምሪው?" ስልሽ "አንተን ይዤ!" ትይኝ ነበር። እኔ ስጠብቅ፣ ካርታ ሳይታደል በየዙሩ የምናስገባት ቆርኪ አንድ አንድ እያለች ወደ አንቺ ትሄዳለች። ጥሩ ካርታ መጥቶልኝ ስጨምር ደግሞ ወዲያው ትጥያለሽ። "አባ ድርቅ ጨመረ፤ እንግዲህ መሸሽ ነው" ትያለሽ። ስትሸሺ ፈሪ፣ ስትገቢ ጥጋበኛ እልሽ ነበር። ሁለቱንም ሆነሽ ታሸንፊኛለሽ።

የማደሉ ተራ ያንቺ ሲሆን ይብስ ነበር። የጋራው ካርታ ጠረጴዛ ላይ ከተገለጠ በኋላ ያደለ ሰው መጨረሻ ላይ ስለሚወስን፣ እኔ ያደረግሁትን አይተሽ ነው የምትንቀሳቀሺው። ዝም ካልኩ ሁለት ቆርኪ ወደ መሀል ትገፊያለሽ፤ እኔ እጥላለሁ። ይህን ማንም አላስተማረሽም። እኔን እያየሽ ነው የደረስሽበት።

አንድ ቀን የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ከብዶኝ ዓመታት ዘልዬው የኖርኩት ነው። ስለ ሁለት ሰው ጨዋታ ነበር። ብዙ ሰው በከበበው ጠረጴዛ መጠበቅ ብልህነት ነው፤ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን ጥሩ ካርታ የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ባለበት ገንዘቡ ያልቅበታል፣ ተራ ካርታም ይበቃል፣ ዋናው የባላጋራን ጠባይ ማወቅ ነው ይላል። ጸሐፊው ሳሎናችን ተቀምጦ አንቺን እያየ የጻፈው መሰለኝ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ መጽሐፉን ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ ደበቅሁት። አንቺ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፊ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም።

በዓመቱ ፋሲካን ሂሩት ቤት ዋልን። ባሏ ዳዊት "እማማ፣ አባባን እንዴት እንደሚበሏቸው እስኪ ያሳዩኝ" ብሎ ካርታ አመጣልሽ። ደስ ብሎሽ ነጠላሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ተቀመጥሽ። ጎረቤቶቻቸውም ከበቡሽ። በወዝሽና "መጀመሪያ ካርታህን ተው፤ ሰውየውን ተመልከት" ብለሽ ስትጀምሪ፣ እኔ ከሶፋው ላይ "እሷ ካርታ አታውቅም። ዕድል ነው። የማታውቀውን አታስተምርህ" አልኩ። ፈገግ ብለሽ ካርታውን ሰብስበሽ ለዳዊት መለስሽለት። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት ቆርኪዎቹን አላወጣሽም። እኔም አውጪ አላልኩም።

ከዚያ ታመምሽ። ሆስፒታል በተኛሽ በሳምንቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያ ሁሉ ዓመት የበላሁህ እውነት በዕድል ነው?" አልሽኝ።

"በዕድል ነው" አልኩሽ።

"እሺ" አልሽ።

ስትድኚ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። እንደ ልማዴ ጠበቅሁ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ የለቅሶ ቤት ወግ ነውና፣ ወንዶቹ እኛን ብቻችንን ላለመተው ካርታ እየተጫወቱ ይውሉ ነበር። ዳዊት ከአንድ ጎረቤት ጋር ለሁለት ተቀምጦ አየሁት። በባዶ እጁ ይጨምራል፤ ሰውየው ሲጨምር ይጥላል። ያንቺው አጨዋወት ነው። የት ተማርከው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ "እማማ ናቸው ያስተማሩኝ፤ እርስዎ እድር ስብሰባ ሲሄዱ እየመጣሁ" አለኝ። በገዛ ቤትሽ ተደብቀሽ ነበር የምታስተምሪው።

ባለፈው እሑድ መጽሐፉን አውርጄ ሂሩት ፊት አስቀመጥኩ። ገና አፌን ስከፍት "አውቀዋለሁ፣ አባዬ። ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ" አለችኝ። ከመታመምሽ በፊት ቁምሳጥኑን ስትወለውዪ አግኝተሽው፣ ያንን ምዕራፍ ተርጉሚልኝ ብለሻታል። ሰምታ ምን አለች አልኳት። "ከት ብላ ሳቀች። 'ራሱ ይነግረኛል፤ አንቺ እንዳትነግሪው' አለችኝ" አለች።

እንግዲህ ሆስፒታል ስትጠይቂኝ መልሱን ታውቂው ነበር። የጠየቅሽኝ ለራስሽ አልነበረም።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ። ዛሬ ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ስቆም ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ርካሽ ሆነብኝ።

ሙት ዓመትሽን ሂሩት ቤት እናወጣለን። ያን ፋሲካ የነበሩት ሰዎች ሁሉ እንዲጠሩ አዝዣለሁ። ከጸሎቱ በኋላ ይህን ቆሜ አነበዋለሁ። ሂሩት "ድምፅህ ይንቀጠቀጥብሃል፣ እኔ ላንብብልህ" ብላኝ እምቢ ብያለሁ። ይንቀጠቀጥ። ከዚያም በኋላ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ባለቤቴ በችሎታዋ ታሸንፈኝ እንደነበር የጠየቀኝ ሁሉ ከአፌ ይሰማል። ያልጠየቀኝም ይሰማል።

ባልሽ፣ ደምሴ