ኮሌታውን ሲስብ ክርኑ የታየው ሊቅ

ለምወድህ ወንድምዓለሜ ይመር፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ከኪራሙ ወጥተን ነቀምቴ ደህና ነን፣ ይመስገን።

መምህራችን ስለ ድህነት የቻይኖችን አባባል ነገሩን፦ «ኮሌታውን ሲስብ ክርኑ ታየ»። የጥንት ሊቅ ነበር አሉ፤ ቤቱ ሦስት ቀን እሳት ሳይነድበት፣ ያንኑ ቡትቶ ለብሶ ይዘምር ነበር። ለእማዬ ብነግራት «ጾመኛ ነዋ» ብላ ሳቀች።

አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እማዬ ግን ስእለት አለብኝ ትላለች። አከራያችን ኢቢሴ ጴንጤ ስለሆነች ታምናታለች። ምሳ ስታመጣ «አዴ፣ ጾምሽ አያልቅም እንዴ?» ብላ ትቀልዳለች፤ ሳህኑም ወደ እኔ ይመጣል። ትናንት የእማዬን ቀሚስ በመርፌ አጠበብኩላት።

እኔን አትሰማኝም። አንተ ደውልና «ጾሙን ፍቺ» በላት።

እመብርሃን ባለህበት ትጠብቅህ።

እህትህ ዓባይነሽ