መሪጌታ ሰማኸኝ ዳኘው፦ እግራቸው ድኖ የተለዩን አባት

መሪጌታ ሰማኸኝ ከአባታቸው ከአቶ ዳኘው ፈንታው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ አስማረ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከንባብ እስከ ጾመ ድጓ በአጥቢያቸው ተምረው እዚያው ጋይንት ወዳለችው የድጓ ማስመስከሪያ፣ ወደ ቤተ ልሔም ተሻገሩ፤ በ1972 ዓ.ም. ድጓ አስመስክረው ተመለሱ።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ የኔነሽ እሱባለው ጋር በቁርባን ተጋብተው ሙሉዓለምን፣ ጽዮንንና አብርሃምን ወለዱ። ዜማ እየመሩ፣ ደቀ መዛሙርት እያስተማሩ፣ ማሳቸውንም ራሳቸው እያረሱ ኖሩ። ተማሪ ዜማ ሲሳሳት ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውን ሳይጨርሱ ግን ራት በልቶ እንደሆነ ይጠይቁታል። ተቀምጦ ማኅሌት መስማት ለእሳቸው ከሞት አይተናነስም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የደም ግፊት ተገኘባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የእግራቸው አውራ ጣት እየቀላና እያበጠ መቆም ከለከላቸው። የመረመሯቸው ሐኪም ሕመሙ ሪህ መሆኑንና በደማቸው ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር መብዛቱን ነገሯቸው። ግፊት ባለበት ሰው ላይ ይህ ሲበዛ የደም ሥሮቹም ይበልጥ ደርቀው እንደሚገኙ አስረድተው፣ ሥጋና ጠላ እንዲቀንሱ፣ የግፊቱን ኪኒን ግን እንዳያቋርጡ አደራ አሏቸው። የካህን ነገር ሆኖ ከዝክርም ከተዝካርም መቅረት አልቻሉም፤ ደጋሹ ቅር እንዳይለው ይቀምሳሉ፣ በማግሥቱ እግራቸውን ይዘው ያቃስታሉ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ድግሱ ቀረና እግራቸው ዳነ። እንደ ወጣትነታቸው ቆመው አደሩ። ደስ ብሏቸው «እግሬን የማረ አምላክ ደሜን ይተወዋል? ጾሙ ሁለቱንም ወሰደልኝ» አሉና ኪኒኑን ተዉት። በመካነ ኢየሱስ ከተማ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ጽዮን በየሳምንቱ እየደወለች «አባባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ስትላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬ እንኳ ድኗል» ይሏት ነበር። ድምፃቸው የጤነኛ ነበርና አመነች። ይህ ዛሬ አንጀቷን ያሳርረዋል። ግፊት እንደ ሪህ ጮክ ብሎ አይመጣም።

ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ሲሰግዱ ወድቀው አልተነሡም። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ሕክምና ቢደረግላቸውም ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲገነዙ እግራቸው ላይ እብጠት የሚባል አልነበረም፤ ወይዘሮ የኔነሽ ያን እግር አቅፈው አለቀሱ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ብዙ ደቀ መዛሙርታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ቤተሰቡም ኪኒን የታዘዘላችሁ ሁሉ ደኅና ነን ብላችሁ፣ ጾምም ነው ብላችሁ እንዳትተዉት በእንባ ይለምናችኋል።

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በዚህ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ይደርሳል። የዘንድሮውን ቆመው የመሩት መሪጌታ ሰማኸኝ ነበሩ። ለማን እንደሚያደርሱ አላወቁም። ዛሬ ያለ ፍትሐት የምንቀብራቸው አባታችን የራሳቸውን ፍትሐት በገዛ አንደበታቸው አድርሰው ሄደዋል። አምላክ ያን ዜማቸውን ይቀበልላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳን ማኅበር ያቁምልን። አሜን።