ሰራዊትን ያፈላለግንበት ኮድ

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም ቸሩ፤

ከባሕር ማዶ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? አሠሪዎችሽስ ዐርብ ዐርብ ያሳርፉሻል? እማዬ ስምሽን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ አገኘሁሽ የምትባለው የባምባሲ ልጅ ናት። ለዕረፍት መጥታ ወደ ሻርጃ ስትመለስ ነው የላክሁባት። አንብበሽ እስክትጨርሺ ካጠገብሽ እንዳትለይ ለምኛታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሽማግሌዎቹ «ብቻዋን ላለች ሴት መርዶ አይነገርም» ብለው ስለከለከሉኝ ነው። አሁን ተቀመጪ። እጇንም ያዢ።

ወንድማችን ሰራዊት አርፏል።

ግንቦት ላይ ማንጎ ጭኖ ወደ ነቀምቴ ሲሄድ መንገድ ላይ ተኩስ እንደገጠማቸው፣ መኪናው ተቃጥሎ ሲገኝ እሱና የማንጎው ባለቤት ጂራታ ግን እንዳልተገኙ ነግሬሽ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ፣ ክረምቱን ሙሉ የሰው ደጅ ስንጠና ከረምን። ከ«አላየንም» በቀር መልስ የሰጠን አልነበረም።

የምሠራበት ማተሚያ ሱቅ ባለቤት ቦዔዝ፣ ያ የወለጋው ሰው፣ ኪውአር ኮድ የሚያስውብ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ነበር። ያ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ጥቁርና ነጭ ካሬ የትም ብትሄጂ አንድ ዓይነት ነው፤ በዚህኛው ግን ነጠብጣቦቹን ክብ ማድረግ፣ ቀለሙን መቀየር፣ መሃሉ ላይ ፎቶ ማስገባት ይቻላል። የሠርግ ጥሪና የምግብ ቤት ሜኑ ነበር የምንሠራበት። አንድ ቀን ቦዔዝ «ለሰራዊትም እንሥራለት እንጂ! ተራ የአፋልጉን ወረቀት ማን ቆሞ ያያል?» አለኝ።

ሠራን። ፊቱን መሃሉ ላይ አስገባሁና ቀለሙን እሱ የሚወደውን ቢጫ አደረግሁት፤ ስልክ ግን አላነበበው አለ። ቦዔዝ «ለዓይን አሳምረህ ለስልክ አጠፋኸው፤ አጥቁረው» ብሎ ጥቁር አረንጓዴ አደረገው፤ ፎቶውንም አሳነሰው። ስልክ ሲደቀንበት ፎቶዎቹና የኔ ቁጥር ያሉበት ገጽ ይከፈታል፤ ከመንገድ ላይ ለእማዬ የላከው ድምፅም አብሮ ይሰማል። «የሺዬ፣ አታስቢ፤ ማንጎው ሳይበላሽ አራግፌ እመጣለሁ» ይላል። የሺሀረግ የሚለውን ስሟን ቆርጦ የሺዬ ይላታል እንጂ እማዬ ብሏት አያውቅም፤ አንቺም ትቆጪው ነበር።

እማዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ይሄ ምስጥ የበላው የመሰለ ነገር ነው ልጄን የሚያመጣልኝ?» አለች። ቢሆንም አሶሳ መናኸሪያና ባምባሲ ገበያ ስንለጥፍ አብራን ወጣች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ስልኬ ጠራ። ኻሚስ የሚባሉ፣ ከባምባሲ ወዲያ የሚያርሱ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። «ያ ልጅ፣ ግድግዳ ላይ ያለ፣ እኛ ጋ ነው» አሉኝ። እትዬ፣ ወንበሩን ገፍቼ ዘልዬ ተነሳሁ። «ተመስገን! ስጡኝ ላናግረው» አልኳቸው። «አይ ልጄ» አሉኝ፤ «መሬት ውስጥ ነው።»

ቦዔዝ በሞተር ይዞኝ ሄደ። ኻሚስ እንደነገሩኝ፣ እርሻቸው ዳር ቆስሎ ወድቆ አገኙት፤ ፊቱ አብጦ ነበር። ከሚስታቸው ጋር ተሸክመው ጥላ ሥር አስተኙት፤ ጨርቅ እየነከሩ ከንፈሩን አራሱለት። «ስምህ ማነው አልኩ። ስም አይናገርም። የሺዬ፣ የሺዬ ብቻ ይላል። ሚስት ነው መሰለኝ» አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። አንገቱ ላይ ማተብ ስላዩ የክርስቲያን ልጅ መሆኑን አወቁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ «አላህ ይርሐሙ» ብለው ከዛፍ ሥር ቀበሩት። መንገዱ ዝግ ነው፣ የማን ልጅ ነው ብለው ማንን ይጠይቁ? ሲከፈት ባምባሲ ገበያ ወርደው ወረቀቱን አዩ። በፎቶው አልለዩትም። ልጃቸው ስልኳን ስትደቅንበት ድምፁ ወጣ። «የሺዬ ሲል ጊዜ እኔ ገበያ መሃል ቁጭ አልኩ» አሉኝ።

እማዬን ሽማግሌዎቹ በማለዳ አረዷት። መጨረሻ ላይ ስሟን መጥራቱን ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ኻሚስ ለቅሶ ሲመጡ ራሳቸው ነገሯት። ደረቷን መምታት አቆመች። «ለካ እኔን ነው» አለች። ከዚያ የሽማግሌውን ሁለት እጆች ይዛ ደጋግማ ሳመች። ካህኑም እዚያው መቃብሩ ላይ ፈቱት፤ አፅሙን ለማምጣት መንገዱ ገና አያስተማምንም።

የጂራታ ሚስት ደራርቱም ለቅሶ መጥታ ነበር። ኻሚስን «ከሱ ጋር ሌላ ሰው አላያችሁም?» ብላ ጠየቀቻቸው። አላዩም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሞተ ማለት እንዳይሆንባት ከሰው ጋር እንኳ ጮኻ ማልቀስ ፈራች።

ሰው ሲቀልል እኔ ወረቀቶቹን ልገነጥል ተነሳሁ። እማዬ ከለከለችኝ። «ወረቀቱ ሳይነሳ ውስጡን መቀየር ይቻላል አላላችሁም?» ብላ ቦዔዝን ጠየቀችው። ይቻላል አላት። «እንግዲያስ ጂራታን አስገቡት። እኔ የማለቅስበት አፈር አገኘሁ፤ እሷ ምን ይዛ ታልቅስ?» አለች። አሁን በሰራዊት ፊት ላይ ስልክ የደቀነ ሰው የጂራታን ፎቶና የደራርቱን ቁጥር ያገኛል። እስካሁን የደወለ የለም። ዝናብና ፀሐይ የበላውን ወረቀት እየተካች የምትለጥፈው እማዬ ናት።

እትዬ፣ እንባሽን አትያዢው፤ ግን ሥራሽን ጥለሽ ልምጣ አትበዪ፣ እማዬ ሁለተኛ ልጅ ለዚህ መንገድ አትሰጥም። እሷ ዓይንሽን ትስምሻለች። ባለቤቴ ሰብለወንጌል፣ አክስታችን የወርቅውሃ፣ ቦዔዝና ሚስቱ ቀነኒ፣ ደራርቱም ጭምር «እግዜር ያጽናሽ» ይሉሻል። አገኘሁሽን ስለኔ አመስግኛት፤ ዛሬ አብራሽ ትደር።

ወንድምሽ በቃሉ ቸሩ
አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.