«ጅቡ ተካ» ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ

«ተካ» ግስ ነው! ግስ! ይህን ሳስረዳ ዋልኩ፤ የሰማኝ የለም።

በየሳምንቱ በስልክ ቻናሌ የምለቀው ልብ ወለድ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት መርማሪ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ነፍሰ ገዳይ ታሳድዳለች። መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ ፊልም ተኩላ ነበር ያደረግኩት። አንባቢዎቼ «ተኩላ ደግሞ የት አይተን እናውቃለን?» ብለው ሳቁብኝ። እሺ፣ ጅብ ይሁን አልኩ። ምነው እጄን በቆረጠው!

ያለፈው ክፍል እንዲህ ብሎ ያልቃል፦ «ሰውየው ከዓይኗ ተሰወረ፤ ቦታውን ጅቡ ተካ።» በሰውየው ቦታ ጅብ ቆመ ማለቴ ነው። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ግን ጎጃም ነው፤ ሰሙን ጥለው ወርቁን ይቆፍራሉ። አንድ መሪጌታ «ጅቡ ማን ነው? ተካ!» ብለው ፈቱት።

ከግቢዬ አጠገብ ደግሞ በርና መስኮት የሚበይዱ ጋሽ ተካ አሉ። ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል የሚለው የቆየ ሐሜት እዚህ ዛሬም አልሞተም። እኔ ስም ሰጠሁት። በየቀኑ እየጠራኋቸው እንዴት ልብ አላልኩም?

ማክሰኞ

ቀልድ አይደለም። የጋሽ ተካ ልጅ ሰብለ በጥር ልትዳር ነው። የሙሽራው ወገኖች ከአምበር «ትንሽ እንቆይ» ብለው ልከዋል። «ትንሽ እንቆይ» ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ሰብለ በር ላይ አገኘችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ደረሰ፣ አባቴ ምን በደለህ?» አለችኝ። ምንም! ምንም አልበደሉኝም!

ማስተባበያ አወጣሁ፦ «ይህ ልብ ወለድ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ተካ ጅብ አይደሉም።»

ረቡዕ

ደንቆሮ ነኝ። ትናንት ያልሰማ ሁሉ ዛሬ ሰማ። ከሮብ ገበያ ከተማ ሳይቀር ተደወለልኝ። «ማን ጠየቀህና ነው አይደሉም የምትለው?» ይሉኛል። አስተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉኝ። ሌላ ተረት ጠፍቶ!

ክፍል ስገባ አንዱ ከኋላ ወንበር እንደ ጅብ ጮኸ። ኬሚስትሪ እኮ ነው የማስተምረው።

ጋሽ ተካ ሰላምታዬን አልመለሱም። ደንበኞቻቸው ያዘዙትን በር እንኳ ሊወስዱ አልመጡም። አዲሶቹ በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ሐሙስ

መሪጌታው ዘንድ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ!

«አንተ ነህ ባለቅኔው?»

«የኔታ፣ እኔ ቅኔ አላውቅም።»

«ተው እንጂ! እንዲህ ያለ ቅኔ ዘርፈህ ትክዳለህ?»

የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው አልኳቸው። አዘኑ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የፈቱትን አልፈታሁም ማለት አልሆነላቸውም። «የቅኔው ባለቤት ሌላ ቢነግረን ሌላ እንፈታለን» ብለው ሸኙኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነው የመጣሁት።

ዓርብ

ቃሉን ብሰርዘው ፈርቶ ሰረዘ ይላሉ። ጅቡ ከጋሽ ተካ ላይ የሚወርደው ሌላ ሰው ሲሸከመው ብቻ ነው።

«ጅቡ ፈጠነ» ልል አሰብኩ፤ ፈጠነ የሚባል ባለሱቅ አለ፣ ልጆች አሉት። «ጅቡ ገደፋው» አልኩ፤ ገደፋው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። በዚህ ከተማ የሰው ስም ያልሆነ ግስ የለም?

የራሴ ስም ቀረ። እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦ «ሰውየው ከዓይኗ ተሰወረ፤ ወዲያው ጅቡ ደረሰ።»

ፈራሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ተረት ነው፣ ምን ያስፈራል? ግን ፈራሁ። ለቀቅኩት።

ቅዳሜ

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተፈታ። «በጎረቤቱ ሊያላክክ ፈልጎ ነበር፤ ኋላ ራሱ ተናዘዘ» እየተባለ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችብኝ። አስተምሬያታለሁ እኮ ታላቅ እህቱን!

የአምበሮቹ ሽማግሌዎች ግን ከሰዓት በኋላ መጡ። ከጋሽ ተካ ቤት እልልታ ተሰማ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

እሑድ

ጋሽ ተካ መጡ። በር ላይ ቆመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ያደረግኸውን አውቃለሁ ልጄ። እግዜር ይስጥህ። ከሠርጉ እንዳትቀር።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ብቻ… ምሳው ሲቀርብ ከሙሽሪት ፊት ለፊት ባትቀመጥ። ዓይን አይታመንም። ለአምበሮቹ ብዬ ነው።»

«ለአምበሮቹ ነው?» አልኳቸው።

ዓይኔን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ዞሩ።